ሁለት ፍሎፒ ድራይቭ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፦ አገጣጠሙና ጣጣው

የድሮ ሰነድ የያዘ ትልቅ ዲስኬት እጃችሁ ገብቶ ይሆናል። የ5.25 ኢንቹን፣ ያንን ሲይዙት የሚተጣጠፈውን ማለቴ ነው። መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ችግር ማንበቢያ ማጣት ነው። ሱቅ የሚሸጠው ባለ ዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ የትንሹ፣ የ3.5 ኢንቹ ነው። ስለዚህ አንድ 286፣ 386 ወይም 486 የሚባል የድሮ ኮምፒውተር ከመጋዘን ይወጣል። ትልቁና ትንሹ ድራይቭ አንድ ላይ ይገጠሙበታል። ፋይሉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይገለበጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንኛውም ላፕቶፕ ይጨርሰዋል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሰው የሚደናገረው ሁለት ድራይቭ በአንድ ኬብል ላይ ሲገባ ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ድራይቩን ራሱን አያውቀውም። የሚያውቀው የተሰካበትን ቦታ ነው። ኤ የሚባለው ድራይቭ ኤ የሆነው ኬብሉ ላይ በያዘው ቦታ ነው እንጂ በራሱ ባሕርይ አይደለም። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ይቀላል።

ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ከድራይቩ በፊት

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ክዳኑን ፈታችሁ ስታነሱ መጀመሪያ የምታዩት ድራይቩን አይሁን፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ባትሪ ፈልጉ። በእነዚህ ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ በርሜል የመሰለች፣ ቦርዱ ላይ የተበየደች የኒኬል ካድሚየም ባትሪ አለች። ስታረጅ ታፈሳለች። ፈሳሹ በዙሪያዋ ያሉትን የመዳብ መስመሮች ቀስ እያለ ይበላቸዋል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ካያችሁ ባትሪዋን ቆርጣችሁ አውጧት። ቦታውን ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጥረጉት፣ ከዚያ በአልኮል አጽዱት። ብዙዎቹ ማሽኖች ያለ ባትሪም ይነሳሉ፤ ሰዓቱንና የድራይቭ ዓይነቱን በከፈታችሁ ቁጥር እንደገና ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ያፈሰሰች ባትሪ ቦርዱ ላይ ትቶ ድራይቭ መግጠም ግን ልፋትን ውሃ ማስበላት ነው።

ድራይቮቹንም ሳትገጥሙ ጭንቅላታቸውን አጽዱ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል ነክራችሁ ማንበቢያውን ጭንቅላት በስሱ ዳብሱት። የላይኛውን ክንድ ግን ከልክ በላይ ወደ ላይ አትሳቡት። አንዴ ከጎበጠ የሚያቃናው ሰው አታገኙም።

ኬብሉን አንብቡት

ባለ 34 ሽቦ ጠፍጣፋ ኬብል ነው። አንደኛው ጠርዙ ቀይ ነው፣ ያ ቁጥር 1 ሽቦ ነው። አቀማመጡ የመጣው ሹጋርት አሶሺየትስ በ1976 ካወጣው ኤስኤ400 ከሚባል ድራይቭ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሽቦዎች ግራውንድ ናቸው። ወሬው ያለው በሙሉ ቁጥሮቹ ላይ ነው።

ሁለቱም ድራይቮች የሚንጠለጠሉት በዚሁ አንድ ኬብል ላይ ነው። «ጭንቅላትህን አንቀሳቅስ»፣ «አንብብ»፣ «ጻፍ» የሚሉት ምልክቶች ለሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ በሩ ሲንኳኳ እንደማለት ነው፤ እንግዳው የማን እንደሆነ ስም ካልጠራ ወይ ሁሉም ይወጣል ወይ ማንም አይወጣም። ስም የሚጠራው ሽቦ ድራይቭ ሰሌክት ይባላል። በሹጋርት አሠራር እያንዳንዱ ድራይቭ የራሱ ቁጥር ነበረው። ቁጥሩን የሚያወጣለት ሰው ነው፣ በድራይቩ ሰርኪት ላይ ትንሽ ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ) እያዘዋወረ። ሞተር የሚያስነሳው ሽቦ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል።

አይቢኤም በነሐሴ 1981 ባወጣው ፒሲ ላይ ይህን ቀየረው። ኬብሉን ዘርግታችሁ እዩት። ከሦስቱ የመሰኪያ ቦታዎች መካከል በመሐለኛውና በመጨረሻው መሐል ኬብሉ ተሰንጥቋል። ሰባት ሽቦዎች ተነጥለው አንድ ጊዜ ተገልብጠው ገብተዋል። ከቀዩ ጠርዝ ጀምራችሁ ብትቆጥሩ ከ10 እስከ 16 ያሉት ናቸው። 10 የነበረው 16 ቦታ ገብቷል፣ 16ም 10 ቦታ። 12 እና 14 ቦታ ተለዋውጠዋል። 11፣ 13 እና 15 ግራውንድ ስለሆኑ መገልበጣቸው ለውጥ የለውም።

ይህች ጥምዝ የምትሠራው ሥራ የሚገርም ነው። ኮምፒውተሩ ለኤ ድራይቭ «ና» ሲል በ14ኛው ሽቦ ይልካል። ጥምዙን ሲያልፍ ምልክቱ 12ኛ ቦታ ላይ ይወጣል። ለቢ ደግሞ መጀመሪያውኑ በ12ኛው ይልካል፤ ቢ ያለው ከጥምዙ በፊት ስለሆነ እንዳለ ይደርሰዋል። ሞተሩም እንደዚያው ነው፣ የኤ በ10 ተልኮ 16 ላይ ይደርሳል፣ የቢ በ16 ተልኮ በ16 ይደርሳል። ሁለቱም ድራይቮች የሚያዳምጡት አንድ ዓይነት ፒን ነው፤ 12ን እና 16ን። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጃምፐር ይገጠማሉ። ማን ኤ ማን ቢ እንደሆነ የሚወስነው ከጥምዙ ማዶ ወይም ከጥምዙ ወዲህ መሆን ነው። ሞተራቸውም ለየብቻ ስለሆነ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። የመጀመሪያው ፒሲ ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ እንደነበር ስታስቡ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ አሰካኩ ይሄ ነው፦

ረጅሙና ብቸኛው ጫፍ ድራይቮቹን ወደሚያዘው ካርድ፣ ወደ ኮንትሮለሩ፣ ይሄዳል። ቀዩ ጠርዝ ካርዱ ላይ 1 ወይም 2 የሚል ቁጥር ወዳለበት ጎን ይዙር።

ከጥምዙ ማዶ ያለው ጫፍ ኤ ነው። መሐል ላይ ያለው ቢ ነው።

አንዳንዱ ኬብል አምስት መሰኪያ አለው። አትደንግጡ። አንዱ የኮንትሮለሩ ነው፣ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። በየጥንዱ ትልቁ የሰርኪቱን ጠርዝ የሚነክሰው የ5.25 ነው፣ ቀዳዳ ያለው የ3.5 ነው። ከአንድ ጥንድ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ።

ጃምፐሩ

ድራይቩን ገልብጡትና ሰርኪቱ ላይ «ዲኤስ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም አምራቾቹ አቆጣጠራቸው አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከ1 እስከ 4። የሚፈለገው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። ከ0 የሚጀምር ከሆነ ዲኤስ1፣ ከ1 የሚጀምር ከሆነ ዲኤስ2። በሁለቱም ድራይቮች ላይ እንዲሁ። የ3.5 ኢንች ድራይቭ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ጃምፐርም ላይኖረው ይችላል።

ሬዚስተሩ፣ ብዙዎች የሚዘሉት

በኬብሉ መጨረሻ ያለ ድራይቭ ምልክቱን የሚያሳርፍበት ነገር ያስፈልገዋል። በ5.25 ድራይቮች ላይ ይህ ተነቃይ የ150 ኦም ሬዚስተር ስብስብ ነው። አይሲ ይመስላል፤ ሶኬት ላይ ስለተቀመጠ በጥንቃቄ ይወጣል። ደንቡ አጭር ነው፦ ጫፍ ላይ ያለው ድራይቭ ይኑረው፣ መሐል ላይ ያለው አይኑረው። ሁለቱም ላይ ካለ ኮንትሮለሩ ላይ ጭነቱ በእጥፍ ይጨምራል። ሁለቱም ላይ ከሌለ ምልክቱ እየተንጸባረቀ አንዴ ይነበባል አንዴ አይነበብም። ይሄኛው ነው ሰው የሚያሳብደው፣ ምክንያቱም ዲስኬቱ የተበላሸ ይመስላል።

በ3.5 ድራይቮች ላይ ሬዚስተሩ ደካማና ቋሚ ነው፣ እሱን አትነኩትም። እኔ ትልቁንና ትንሹን ስቀላቅል ትልቁን ጫፍ ላይ፣ ከነሬዚስተሩ፣ ትንሹን መሐል ላይ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ስለ ሬዚስተር ማሰብ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ኤ ስል ትልቁን፣ ቢ ስል ትንሹን ነው። አንድ ጣጣ ግን አለው። የድሮ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ከፍሎፒ የሚነሳው ከኤ ብቻ ነው። ዶሱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም፣ ያላችሁ በትንሹ ዲስኬት ከሆነ ወይ ከሃርድ ዲስክ ተነሱ፣ ወይ በአንዳንድ የአዋርድ ባዮሶች ላይ ያለውን ኤ እና ቢን የሚያለዋውጥ ምርጫ አብሩ። ሁለቱም ከሌለ ቦታቸውን ቀያይሩ፣ ሌላ ዘዴ የለም።

መብራቱና ቅንብሩ

ለትልቁ ድራይቭ ባለ አራት ቀዳዳው ትልቅ የመብራት መሰኪያ፣ ለትንሹ ደግሞ ትንሿ። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ግራውንድ ናቸው። ትንሿን መሰኪያ ስትሰኩ ቀስ በሉ። ትንሽ ከተገፋች በአንድ ፒን ዘልላ ትገባለች፣ ቮልቱ ግራውንድ ወደሆነ ፒን ይሄድና ጉድ ይፈላል።

አሁን አብሩ። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ እንደ ድራይቩ አቅም ለኤ 1.2 ሜጋባይት ወይም 360 ኪሎባይት፣ ለቢ 1.44 ሜጋባይት ምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ አያጣራም፣ የነገራችሁትን ያምናል። የ360 ድራይቭ ገጥማችሁ 1.2 ብትሉት አሜን ብሎ ይቀበልና በኋላ ስህተት ይደረድራል።

የመጀመሪያው ፒሲ ወይም ተከታዩ የኤክስቲ ዘመድ ከሆነ ባዮስ ውስጥ የሚገባበት ገጽ የለም። በፒሲው ማዘርቦርድ ላይ ባለው የመጀመሪያው የስዊች ሳጥን ላይ 7ኛውና 8ኛው የድራይቭ ብዛት ይነግሩታል። ሁለቱም ኦን ከሆኑ አንድ ድራይቭ፣ 7ኛው ኦፍ 8ኛው ኦን ከሆነ ሁለት ድራይቭ። የዚያ ዘመን የአይቢኤም ካርድ አራት ድራይቭ ይሸከም ነበር። ሁለቱ ውስጥ በዚሁ ኬብል፣ ሁለቱ ደግሞ ከጀርባ ባለ 37 ፒን መሰኪያ በኩል ውጭ ይቀመጣሉ። በ1984 በወጣው ኤቲ ላይ ወደ ሁለት ወርዷል። አንድ ሌላ ነገር፣ የፒሲና የኤክስቲ መደበኛ ካርድ 1.2ም ሆነ 1.44 አይችልም፣ ፍጥነቱ አይደርስበትም። ለዚህ ሥራ 286 እና ከዚያ በላይ የምመክረው ለዚህ ነው።

ሲነሳ የሚያዩት ነገር

ትክክል ከሆነ የኤ መብራት አንዴ ብልጭ ይላል፣ ቀጥሎ የቢ። ከዚያ ዝም። ሌላ ነገር ካያችሁ፦

የአንዱ ድራይቭ መብራት በርቶ አልጠፋ ካለ ኬብሉ ተገልብጦ ተሰክቷል። ዲስኬት ውስጥ ካለ ቶሎ አውጡት። እንደዚያ ሆኖ ዲስኬት ላይ ሊጽፍ ይችላል።

ሁለቱም አንድ ላይ ከበሩ፣ ወይም ኤን ስትጠሩ ቢ ከመጣ፣ ወደ ጃምፐሩና ወደ ጥምዙ ተመለሱ።

አይቢኤም ማሽን ላይ 601 የሚል ቁጥር ከመጣ ፍሎፒው ወይም ካርዱ አልመለሰም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በደንብ ያልገባ መሰኪያ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ምክንያቱም ስህተት አይመስልም። አንድ ዲስኬት አስገብታችሁ ዝርዝሩን አያችሁ። አወጣችሁና ሌላ አስገባችሁ። ዝርዝሩን ስትጠይቁ የበፊቱ ዲስኬት ፋይሎች ይመጣሉ። አስማት አይደለም። የ1.2፣ የ720 እና የ1.44 ድራይቮች ዲስኬት መቀየሩን በ34ኛው ፒን ይናገራሉ። ይህ ፒን ካልሠራ፣ ወይም ድራይቩ ላይ ያለው ጃምፐር ፒኑን ለሌላ ምልክት ካደረገው፣ ዶስ ምንም አልተቀየረም ብሎ በማስታወሻው ያለውን ያሳያችኋል። ማየቱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ብትጽፉበት ግን በአዲሱ ዲስኬት ላይ የአሮጌውን ማውጫ ይጽፍበታል፤ ፋይሎቹ ያኔ ደህና ሰንብት ናቸው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት የማትሳሱላቸው ዲስኬቶች ቀያይራችሁ ዝርዝራቸውን እዩ። ጉዳዩ እስኪስተካከል ዲስኬት በቀየራችሁ ቁጥር ኮንትሮል እና ሲን አንድ ላይ ብትጫኑ ዶስ እንደገና ያነባል።

ከመገልበጥ በፊት መከላከል

መገልበጥ የምትፈልጉትን ዲስኬት ጻፍ የማይባል አድርጉት። በትልቁ ላይ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁርጥ በፕላስተር ሸፍኑ። በትንሹ ላይ ደግሞ ቀዳዳዋን ክፈቱ። ልብ በሉ፣ አንዱ ሲሸፈን ይቆለፋል፣ ሌላው ሲከፈት።

ዲስኬቱን ከማስገባታችሁ በፊት መሐሉን በጣታችሁ አዙራችሁ በመስኮቷ በኩል ገጹን እዩ። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ክብ ጭረት ካለ አታስገቡት። ሻጋታው ጭንቅላቱ ላይ ይለጠፍና ተከትሎ የሚገባውን ደህና ዲስኬት ይፍቀዋል።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ 1.2 ድራይቭ ነው። የ360 ዲስኬት 40 መስመር ነው ያለው፣ የ1.2 ድራይቭ ደግሞ 80። ማለትም የ1.2 ጭንቅላት ግማሽ ያህል ቀጭን ነው። የ360 ዲስኬት ሲያነብ ችግር የለም። ሲጽፍ ግን በሰፊው መስመር መሐል ቀጭን መስመር ይጽፋል፣ የድሮው ጽሑፍ በግራና በቀኝ ይቀራል። ያን ዲስኬት ወደ እውነተኛ የ360 ድራይቭ ስትወስዱት ሁለቱንም አንድ ላይ ያነብና ይዘላብዳል። በ1.2 ድራይቭ ከ360 ዲስኬት አንብቡ፣ አትጻፉ።

መገልበጡ

ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፉት፤ እኔ አነባበባቸውን አስቀምጣለሁ።

ዲስክኮፒ የሚለውን ትእዛዝ እዚህ እርሱት። እሱ ዲስኬትን በመስመር በመስመር የሚገለብጥ ስለሆነ ሁለቱ ዲስኬቶች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከ360 ወደ 1.44 ብትሉት አይሆንም ይላችኋል። የሚያስፈልገው ኤክስኮፒ ነው።

ባዶ ትንሽ ዲስኬት ቢ ላይ አስገብታችሁ 1.44 አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ከዚያ ኤምዲ በሚለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ትልቅ ዲስኬት አንድ አቃፊ ክፈቱ፣ ስማቸውን ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3፣ ዲ4 አድርጉት። የመጀመሪያውን ትልቅ ዲስኬት ኤ ላይ አስገቡና «ኤክስኮፒ ኤ፡ ቢ፡\ዲ1 /ኤስ» በሉት። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤስ በውስጡ ያሉትን አቃፊዎችም ይዞ እንዲሄድ ነው።

ሂሳቡ ደስ የሚል ነው። የ360 ዲስኬት ለፋይል የሚተወው 362,496 ባይት ነው። የ1.44 ደግሞ 1,457,664። አራት እጥፉ 1,449,984 ይሆናል። አራት ሙሉ ትልቅ ዲስኬት አንድ ትንሽ ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት ሺህ ባይት እንኳን ይተርፋል። የ1.2 ከሆነ ግን አንድ ለአንድ ነው።

«አቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል» የሚል ጥያቄ ከመጣ ሪትራይን ደጋግሙ። አንዳንዴ አራተኛው ላይ ይሄዳል። ካልሄደ ዲስኬቱን አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡ፣ አቀማመጡ ትንሽ ይለወጣልና ሊነበብ ይችላል።

አንድ ድራይቭ ብቻ ካላችሁ

አንድ ፍሎፒ ድራይቭ ብቻ ባለው ማሽን ላይም ቢ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዶስ አንዱን ድራይቭ በሁለት ስም ይጠራዋል። ቢን ስትጠሩ «የቢን ዲስኬት አስገቡና ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ» ይላችኋል። ታወጣላችሁ፣ ታስገባላችሁ፣ ይቀጥላል። በ1981 ጥቂት ሜሞሪ ብቻ ባለው ማሽን አንድ ዲስኬት መገልበጥ ማለት ደጋግሞ ማውጣትና ማስገባት ነበር። ሁለተኛ ድራይቭ ያኔ ቅንጦት ያልነበረው ለዚህ ነው። አንዱ ላይ ፕሮግራሙ፣ ሌላው ላይ የራስ ሰነድ ይቀመጣል።

ፊደል የመስጠቱ ልማድ ራሱ ከፒሲው በፊት የነበረ ነው። ከዶስ በፊት የነበረው የጋሪ ኪልዳል ሲስተም፣ ሲፒኤም፣ ድራይቮቹን ኤ፣ ቢ እያለ ይጠራ ነበር፣ ዶስም ያንኑ ወረሰ። ሃርድ ዲስክ በ1983 ከኤክስቲው ጋር ሲመጣ ኤ እና ቢ የተያዙ ስለነበሩ ሲን ወሰደ። ዛሬ ፍሎፒ አይተው የማያውቁ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ከሲ የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ሌሎቹ ማሽኖች በሌላ መንገድ ሄደዋል። በአፕል 2 ላይ ካርዱ ሁለት መሰኪያ አለው፣ ድራይቭ 1 እና ድራይቭ 2፣ እያንዳንዱም የራሱ ኬብል። ግልጽ ነው፤ ብቻ መሰኪያውን በአንድ ረድፍ ካዛነፋችሁት ድራይቩ ውስጥ ያለ ቺፕ ይቃጠላል። በኮሞዶር 64 ላይ ደግሞ ድራይቩ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ነው። ቁጥሩ ከ8 ይጀምራል፣ ድራይቮቹም አንዱ በሌላው ጀርባ ይቀጣጠላሉ። 1541ን ከ8 ወደ 9 ለመቀየር ከፍቶ ሰርኪቱ ላይ ያለች መስመር መቁረጥ ያስፈልግ ነበር። በ1541-2 ላይ ግን ስዊች አለው።

ሃርድ ዲስክ ስትጨምሩ ፊደሎቹ ይዘዋወራሉ

የተገለበጠውን ለማስቀመጥ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ልትጨምሩ ትችላላችሁ። አይዲኢ የሚባለው የሃርድ ዲስክ ዓይነት ከሆነ አንዱን ማስተር (አንደኛ) ሌላውን ስሌቭ (ሁለተኛ) በጃምፐር ታደርጉና ትሰካላችሁ። እዚያ ኬብል ላይ ጥምዝ የለም። ከአይዲኢ በፊት የነበረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። እሱም ባለ 34 ሽቦ፣ ጥምዝ ያለበት ኬብል አለው፣ ከፍሎፒው ጋር መንታ ይመስላል። ጥምዙ ግን ከ25 እስከ 29 ባሉት ሽቦዎች ላይ ነው። ሁለቱን አታለዋውጡ። ከሁለቱ አንዱን ስታገኙ ጥምዙ ከቀዩ ጠርዝ ምን ያህል እንደራቀ ቁጠሩ።

ዋናው ጣጣ የፊደሉ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሎ ነበር እንበል። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ስትጨምሩ ዶስ መጀመሪያ የሁለቱንም ዲስክ ዋና ክፍሎች ይቆጥራል፣ ቀጥሎ ነው ወደ ተጨማሪዎቹ የሚመለሰው። ስለዚህ አዲሱ ዲስክ ዲ ይሆናል፣ የድሮው ዲ ደግሞ ኢ። ዲ ላይ የነበረ ፕሮግራም ሁሉ ቤቱን ያጣዋል። ማምለጫው ቀላል ነው። አዲሱን ዲስክ ኤፍዲስክ በሚለው የዶስ ትእዛዝ ስትከፍሉ ዋና ክፍል አትስጡት፣ ሁሉንም ኤክስቴንድድ (ተጨማሪ ክፍል) አድርጋችሁ ውስጡ ሎጂካል ድራይቭ ፍጠሩ። ያኔ መጨረሻ ላይ ኢ ሆኖ ይሰለፋል፣ ሌላው ከቦታው አይነቃነቅም።

የአማርኛ ሰነድ ከሆነ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ አቆጣጠር ያስቀመጠው ነው። ፋይሉን ብቻ ገልብጣችሁ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ታያላችሁ። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሰነዱ ውስጡ አለ፣ ቁልፉ ነው የጠፋው። ስለዚህ ከሰነዱ ጋር የተጻፈበትን ፕሮግራምና የፊደል ፋይሎቹን አብራችሁ ገልብጡ። ብዙ ጊዜ ሌላ ዲስኬት ላይ ናቸው፣ ወይም የዚያው ቢሮ ኮምፒውተር ሲ ላይ። ዲስኬቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የፕሮግራም ስም ካለ እሱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የዲስኬቱ ወረቀት ሙጫው ደርቆ ሲወልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።